የወሎ ጉዞ የመጨረሻ ሦስት ቀን፦ ላሊበላ፣ ሐይቅ ወይስ ባቲ?

ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ሰባት ሆነን ተቀምጠናል። ዓርብ ማታ ነው። ወሩ ጥር፣ ጥምቀት አልፏል። ሰባት የጀርባ ቦርሳ ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። አንዱ ብቻ በጎኑ ተጋድሟል፤ የኔ ነው። መንገድ ከገባን አሥራ አንድ ቀናችን። ማክሰኞ ጠዋት ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ አውሮፕላን አለን። እስከዚያ ሦስት ባዶ ቀን ተርፎናል፦ ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ሰኞ።

አራት ሐሳብ ወጣ። «ላሊበላን ሳልሳለም ከወሎ መጣሁ ብዬ እናቴ ፊት አልቆምም» አለ አንዱ። ሌላው አቡነ ዮሴፍ ተራራን መውጣት አምሮታል። ነርሷ ጓደኛችን «ዓሣ» አለችና ዝም አለች። ደሴ አጠገብ ያለችውን ሐይቅ ከተማን ማለቷ ነው። እኔ ደሴ ያደግሁ ነኝና ባቲ ገበያ አልኩ። ሻይ ሦስቴ ተቀዳ፤ ድምፃችንም እየጨመረ ሄደ። ባለቤቷ ከጓዳ ብቅ ብላ «አብሽሩ ልጆቼ፣ ሁሉም ይደርሳል» አለችን። ማን ይስማት።

እንዲህ ያለውን ጭቅጭቅ ከዚህ በፊትም አይቼዋለሁ። ከጥቂት ዓመት በፊት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ቦርሳ አዝለን እስያ ሄደን ነበር። ባንኮክ ገባን፣ ወደ ቬትናም ተሻገርን፣ ከሃኖይ ወደ ደቡብ ወረድን፣ ካምቦዲያ ላይ ጨረስን። ትልቁን ነገር፣ አንኮር ዋት የሚባለውን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ ሆን ብለን ለመጨረሻ አቆየነው። ለእንግዳ የተቀመጠ ማር አደረግነው ማለት ነው። የሦስት ቀን ትኬት ቆረጥን፤ በነፍስ ወከፍ 62 ዶላር። የመጀመሪያው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን ፀሐይ ከማማዎቹ ጀርባ ስትወጣ አየን። ደስ ይላል። ሁለተኛው ቀን ሙቀቱ ራስ ይበጣል። በሦስተኛው ቀን አንዳችን በር ላይ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠና «እናንተ ግቡ፣ እኔ ቦርሳ እጠብቃለሁ» አለ። ቦርሳ ጠብቅልኝ ያለው ሰው አልነበረም። ያን ዕለት ማታ በእራት ሒሳብ ተጣላን። የተጣላንበትን ብር መጠን ብነግራችሁ አፍራለሁ።

እዚያ ያገኘናቸው መንገድ የለመዱ ሰዎች ግን በተቃራኒው ነበር የሚያደርጉት። ቤተ መቅደሱን መሀል ላይ ያዩታል። መጨረሻ ላይ ወደ ታይላንድ ደሴቶች ወርደው ውሃ ዳር ይጋደማሉ። ከዚያ ባንኮክ ይመለሱና ቅዳሜ ወይ እሁድ ቻቱቻክ ገበያ ገብተው ለቤተሰብ ስጦታ ገዝተው ይሄዳሉ። ያኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም።

ወሎም ሲያዩት ያው ነው። አንኮር ዋት የተሠራው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናትም ከዚያ ብዙ ሳይርቁ በ12ኛው መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ አካባቢ ይጠቀሳሉ። ደሴት ካላችሁ ሐይቅ አለ። ቻቱቻክ ካላችሁ ባቲ አለ፤ ቀኑ ብቻ ሰኞ ነው። እንግዲህ የኔን አቋም አስቀድሜ ልናገር፦ ላሊበላን ለመጨረሻ አታስቀምጡ። ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ እነሱንም እነግራችኋለሁ።

ከካርታው በፊት እግር እዩ

ሰው የመጨረሻ ቀን ሲመርጥ ካርታ ይዘረጋል። እኔ ግን ጫማ አስወልቃለሁ። እውነቴን ነው። ወልድያ ሻይ ቤቱ ውስጥ ጭቅጭቁ ሲበዛ ነርሷን «እግራቸውን እይልኝ» አልኳት። ሁለቱ ተረከዛቸው ተልጧል። አንዱ ጉልበቱን ሲያጥፍ ፊቱ ይጨማደዳል፤ ለካ ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ያመዋል፣ ሼም ይዞት ዝም ብሎ ነው። አቡነ ዮሴፍ እንውጣ የሚለውም እሱ ራሱ ነበር።

ቀጥሎ የጋራ ካዝናውን ቁጠሩ። ገንዘብ ያዣችን ብሩን የያዘችው ግማሹን በቴሌብር፣ ግማሹን በጥሬው ነበር። የሚቆጠረው ለመኝታና ለምግብ የቀረው ብቻ አይደለም። ለኮንትራት መኪና የሚሆን ትርፍ አለ ወይ? የመጨረሻው ቀን ላይ መኪና ከቀረባችሁ አውሮፕላን ያመልጣችኋል። በጉዞው መሀል ግን መኪና ቢቀር ሌላ ቀን አለ።

ሦስተኛው ነገር ንጹሕ ልብስ ነው። ቀልድ አይደለም። አሥራ አንድ ቀን ከዋለ ካልሲ ጋር ቤተ ክርስቲያን መግባት አንድ ነገር ነው፣ ሐይቅ ዳር መቀመጥ ሌላ።

ይህን ሁሉ የምለው ቡድን የሚሄደው በደከመው ሰው ፍጥነት ስለሆነ ነው። ጠንካራው ሰው ሐይቅ ዳር ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። የደከመው ሰው 4 ሺህ ሜትር ላይ ቢወጣ ግን ሰባታችሁም ትወርዳላችሁ።

ላሊበላ፦ መቼ አዎ፣ መቼ አይ

ከወልድያ ላሊበላ በዲልብ ዳገት ወጥታችሁ በጋሸና ነው የምትሄዱት። ጋሸና ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጃኬታችሁን ከቦርሳ ስር አትቅበሩት። ከጋሸና መገንጠያ እስከ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ማልዳችሁ ብትነሱ እንኳ ግማሽ ቀናችሁ መንገድ ላይ ያልቃል።

ከደረሳችሁ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ ቀላል አይደለም። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በሁለት ወገን ተከፍለው ነው ያሉት፤ ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ለብቻው ነው። በየደጁ ጫማ ይወለቃል። ደረጃው ያልተስተካከለ ነው፤ አንዱ ለጉልበት፣ አንዱ ለቁርጭምጭሚት። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል አካባቢ ያለው ዋሻ ጨለማ ነው። እጃችሁን ግድግዳው ላይ አድርጋችሁ፣ ጭንቅላታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ነው የምታልፉት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ ከቆላ በቀጥታ ለወጣ ሰው ትንፋሽ ያጥራል። ወፍራም ካልሲም ያዙ። ምንጣፉ ላይ ቁንጫ ሊኖር ይችላል፤ ያላገኘው ሰው ዕድለኛ ነው።

በደንብ ላየው የሚል ሰው አንድ ቀን ተኩል ያስፈልገዋል። ይምርሐነ ክርስቶስን ከጨመረ ሌላ ግማሽ ቀን። ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ተደራርቦ የታነጸ ነው፤ ከላሊበላ ሥራዎች ይቀድማል ይባላል። እኔ በበኩሌ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ስትገቡ ዋሻው ቀዝቀዝ ይላል፤ ጣራውን ቀና ብላችሁ ስታዩ ዝም ትላላችሁ። እንዲህ ያለ ቦታ የደከመ ዓይን አይገባውም። አንኮር በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የቀረውን ጓደኛዬን አስታውሱ።

ታዲያ መቼ ነው ላሊበላ ለመጨረሻ የሚሆነው? ሲመስለኝ በሁለት መንገድ። አንደኛ፣ የመመለሻ አውሮፕላናችሁ ከላሊበላው ማረፊያ ከሆነ። ማረፊያው ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ስለዚህ ከቤተ ጊዮርጊስ ወጥታችሁ ረጅም መንገድ አይጠብቃችሁም። ሁለተኛ፣ ጉዞው ለእናንተ ከመጀመሪያውም ተሳልሞ መመለስ ከሆነ። ለሃይማኖቱ የሚሄድ ሰው ድካሙን እንደ በረከት ነው የሚቆጥረው፤ የኔ ምክር አይመለከተውም። ለገና ከሆነማ ጨርሶ ሌላ ነገር ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከተማው በሰው ይሞላል፣ መኝታ አስቀድሞ ያልያዘ ሰው ሜዳ ያድራል።

አቡነ ዮሴፍ

አጭር ላድርገው። ከላሊበላ በላይ ያለው ተራራ ነው፤ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ጭላዳ ታያላችሁ፣ ጅብራ የሚባለውን ረጅም ተክል ታያላችሁ፣ ዕድል ካላችሁ ቀይ ቀበሮም ታያላችሁ። ሌሊቱ ውርጭ ነው። የሚያምር ቦታ ነው፤ ለጉዞው መጀመሪያ። ከዚያ ወርዳችሁ ለሁለት ቀን ጡንቻችሁ እንደሚጮህ እያወቃችሁ አውሮፕላን ውስጥ ለመታጠፍ ከፈለጋችሁ የእናንተ ጉዳይ ነው። ጉልበቱ የታመመው ጓደኛችን እንኳ ሻዩን ጨርሶ «በሌላ ጊዜ» አለ።

መቅደላስ? ግሸንስ?

ሁለቱንም አንድ ሰው ያነሳቸዋል፣ የኛም አንስቷቸዋል። መቅደላ አምባ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸውን ሰጥተዋል፤ ጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍም እዚያው አለ። ማየት ያለበት ቦታ ነው። ግን መንገዱ ረጅም ነው፣ ከደሴ በኩታበር በኩል ገብታችሁ ከዚያ በላይ የእግር ዳገት አለ፣ በዕለቱ ለመመለስ መሯሯጥ ነው። ግሸን ማርያም ደግሞ በመስቀል ቅርጽ የሆነ አምባ ላይ ነች። ብዙው ሰው የሚወጣው መስከረም 21 ለክብረ በዓሉ ነው። ሁለቱም ከሦስት ቀን ውስጥ አንዱን ሙሉ ይበላሉ፣ ቀጣዩንም ያንከራትቱታል። ለመጨረሻ አይሆኑም። በቃ።

ሐይቅ፦ ምንም ላለመሥራት

ከወልድያ ወደ ደሴ ስትወርዱ መርሳን ታልፋላችሁ፤ ፍራፍሬ ካማራችሁ እዚያ ግዙ። ውጫሌንም ታልፋላችሁ። የታሪክ ሰው ካላችሁ በዚህ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ያ አንቀጽ 17ቱ ያወዛገበው የውጫሌ ውል እንደተፈረመ ያስታውሳችኋል። የኛ የታሪክ ሰው ከውጫሌ እስከ ሐይቅ አንቀጽ በአንቀጽ አስተማረን። ሁለት ሰው አንቀላፋ። ተራሮቹን ስታዩ አምባሰል የሚለው ቅኝት ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ መሬት ነው። ሰው ያንን በጆሮው እንጂ በመስኮት አይፈልገውም።

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከተማዋ ትንሽ ነች፤ ውሃው ሰፊ ነው። ውሃ ዳር አልጋ ይገኛል። የመጀመሪያው ጥቅሙ ይኸው ነው፦ የሚሠራ ነገር የለም። ቁጭ ትላላችሁ። ካልሲ ታጥባላችሁ። አንዱ መጽሐፍ ያነባል፣ አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ስለ ሥራው ያማርራል። ቡድኑ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለያየ ነገር ይሠራል፣ ግን ሁሉም አንዱ አንዱን ያያል። የሰባት ሰው ጉዞ መጨረሻ ላይ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ሁለተኛው ጥቅም ዓሣው ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ከእኛ ሰባት ሦስቱ ሙስሊም፣ አራቱ ክርስቲያን ነን። ወሎ ውስጥ እንደኛ ያለ ቡድን ብርቅ አይደለም፤ አንድ ቤት ውስጥ እንኳ ሁለቱም ይኖራል። ችግሩ ሥጋ ነው። የሙስሊም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ ስለሚባል በየምግብ ቤቱ ሁለት ቦታ ማዘዝ፣ ሁለት ገበታ መቀመጥ ይመጣል። አሥራ አንድ ቀን ሽሮ የበላነው በከፊል ለዚህ ነው። ዓሣ ላይ ግን ይህ የለም። ሐይቅ ላይ አንድ ትልቅ ትሪ መጣ፤ ሙሉውን የተጠበሰ ቆሮሶ፣ ዳጣ፣ ሎሚ። ሐይቅ የወረድነው አምስታችንም ከአንድ ትሪ በላን፤ ሁለቱ የት እንደሄዱ ኋላ እነግራችኋለሁ። ቀኑን ብቻ ምረጡ፦ ረቡዕና ዓርብ ወይ በጾም ወራት ከሆነ ክርስቲያኖቹ መሀል ዓሣ ይበላል አይበላም የሚል ሌላ ክርክር ይነሳል። እኛ የደረስነው ቅዳሜ ስለነበር ተረፍን።

የሚገርመው ቆሮሶው የሐይቁ ተወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አምጥተው የጨመሩት ነው። መጤ ሆኖ ገብቶ የቦታው ምልክት ሆነ።

ከዚያ ገዳሙ አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ድሮ ደሴት ላይ ነበር፤ አሁን ውሃው ሸሽቶ ከየብስ ተያይዟል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ትልቅ የትምህርት ቦታ አድርገውታል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት እዚህ ነው። የገዳሙ አበምኔት «አቃቤ ሰዓት» ይባል ነበር፣ በቤተ መንግሥትም ቦታው ትልቅ ነበር። አስቀድማችሁ ማወቅ ያለባችሁ ግን አንድ ነገር ነው፦ ገዳሙ ውስጥ ሴቶች አይገቡም። እኛ ሦስት ሴቶች ነበሩን። በሩ ላይ ደርሶ ማወቅ ያበሳጫል፤ ስለዚህ ማታውኑ ተነጋግራችሁ ጨርሱ። የኛ ሴቶች ጀልባ ተከራይተው ውሃው ላይ ዋሉ። እኛ ከገዳሙ ስንወጣ እየሳቁ መጡ፤ ማን እንደቀና ግልጽ ነው።

ጀልባ ቀዛፊው ለነሱ የነገራቸውን ተረት እኔ ልጅ ሆኜ ነው የሰማሁት። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች ይላል። እግዜር ተቆጥቶ ዙሪያውን ሁሉ ውሃ አደረገው፣ ልዕልቲቱም ከነወገኖቿ ሰጠመች፤ ሴትየዋ የተቀመጠችበት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ። ገዳሙ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ስለ መዋኘት አንድ ቃል። ሐይቁ ጥልቅ ነው፤ ከ80 ሜትር በላይ የሚወርድ ቦታ አለው። ዋና የማይችል ሰው «እዚህ ጋ እግሬን ላርጥብ» ብሎ አይራቅ። የመጨረሻ ቀን ላይ ሰው ይዘናጋል።

የሐይቅ ጉድለት ምንድን ነው? ለሦስት ቀን ይበዛል። ሁለተኛው ቀን ከሰዓት ላይ እረፍት የማይወድ ሰው መንጎራደድ ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ሌሊት፣ ቢበዛ ሁለት።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ

እዚህ ላይ ለትውልድ ከተማዬ ማዳላቴ አይቀርምና አስቀድማችሁ ቀንሳችሁ አንብቡ። ደሴ ጦሳ ተራራ ስር ተኝታ ጉም ለብሳ የምታድር ከተማ ነች። የሚታየው ብዙ አይደለም፤ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አለ፣ ቧንቧ ውሃና አራዳ ላይ መንሸራሸር አለ። የደሴ ዋና ነገር ቤት ውስጥ ነው። ሰው ቤት ከተጋበዛችሁ አትቸኩሉ። አቦል ጠጥቶ መነሳት ነውር ነው፤ ቶና አለ፣ በረካም አለ። በረካው ላይ ምርቃት ይወርዳል፣ ዱዓ ይደረጋል። አክስቴ ቤት ሁለት ሰዓት ተቀምጠን የወጣን ሲመስለን አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ዘመድ ከሌላችሁ ግን ደሴ ላይ ሙሉ ቀን አታቃጥሉ።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሐረጎ ቁልቁለት ትወርዳላችሁ። ላይ ብርድ፣ ታች ሙቀት። ጠዋት ጉም ካለ ሹፌሩን አታጣድፉት። ኮምቦልቻ ለመጨረሻ ሌሊት ጥሩ ነች፦ አልጋው ይሻላል፣ ሙቅ ሻወር ይገኛል፣ አውሮፕላን ማረፊያው እዚያው ነው።

ባቲ ከኮምቦልቻ በምሥራቅ በኩል 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ገበያው ሰኞ ነው። ማክሰኞ ብትሄዱ አቧራና ፍየል ታያላችሁ። ሰኞ ከሄዳችሁ ግን አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ ከየአቅጣጫው ይወርዳል። የግመሉ ተራ ከእህሉ ተራ ይለያል፣ የከብቱ ከጨርቁ። ረፋዱ ላይ ይሞላል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ያባርራችኋል። ኮፍያና ውሃ ያዙ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ በተለይ የአፋር ሴቶችን። እምቢ ካሉ እምቢ ነው፣ ዞር ብሎ ማንሳት ፋራነት ነው።

ባቲ ለመጨረሻ የሚመቸው አንዱ ምክንያት ዕቃው ነው። ስጦታ በጉዞው መሀል ብትገዙ አሥር ቀን ትሸከሙታላችሁ። መጨረሻ ላይ ከገዛችሁ አንድ ሌሊት ነው። ሽርጥ፣ ዕጣን፣ ከርቤ፣ ማር፣ የሸክላ ዕቃ አለ። ተከራከሩ፣ ግን ለአሥር ብር ግማሽ ሰዓት አትጨቃጨቁ።

ሌላው ምክንያት፣ ገበያ የደከመውንም ያልደከመውንም ያስተናግዳል። የደከመው ሻይ ቤት ጥላ ስር ተቀምጦ ሰው ያያል። ያልደከመው እስከ ግመሉ ተራ ድረስ ይሄዳል። ማንም ማንንም አይጠብቅም።

መከፋፈልስ?

ይህን ማንም አያነሳውም፤ ክህደት ይመስላል። እኔ እላለሁ፦ ተከፋፈሉ፣ ግን በሁለት ደንብ። ብቻውን የሚሄድ ሰው አይኑር፣ የመጨረሻዋን ሌሊት ደግሞ ሁሉም አንድ ቦታ ይደር።

እኛም ያደረግነው ይህንን ነው። ሁለት ሰው፣ እናቱ ፊት አልቆምም ያለውና አንዷ ጓደኛው፣ ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ወደ ላሊበላ ተነሱ። አምስታችን ወደ ሐይቅ ወረድን። ካዝናውን ገንዘብ ያዣችን በነፍስ ወከፍ ከፈለችው፤ ይህን አለማድረግ የብዙ ቡድን ጸብ መነሻ ነው። ማን ኮንትራት ያዘ፣ ማን በሕዝብ መኪና ሄደ የሚለው ክርክር እዚያው ተቋጨ።

አንድ ነገር ብቻ ተበላሸ፣ በኛው ጥፋት። ሐይቅ ላይ ከሚኒባስ ስንወርድ ሰው ቆጠርን፣ ቦርሳ አልቆጠርንም። ድንኳኑ ያለበት ቦርሳ ጣራ ላይ ቀርቶ ደሴ ገባ። የአክስቴ ልጅ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ፣ ረዳቱን ፈልጎ ተቀበለልን። ደሴ ዘመድ የሌለው ሰው ምን ያደርግ እንደነበር አላውቅም። ሲደክማችሁ ቦርሳ ሁለቴ ቁጠሩ።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ የትኛውንም ብትመርጡ መንገዱን ከማታው ጠይቁ። ከዚያው መስመር የመጣ ሹፌር ካገኛችሁ ይበልጣል። «ነገ ሰላም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሲያመነታ ካያችሁት ዕቅዳችሁን ቀይሩ። በዚህ ላይ ድርቅ ማለት የለም። እኛም ለመጠባበቂያ ዕቅድ ነበረን፦ የላሊበላው መንገድ ካልተመቸ ሁለቱም ከእኛ ጋር ሐይቅ ሊወርዱ።

ሁለቱ እሁድ ጀምበር ስትጠልቅ ኮምቦልቻ ደረሱ። ቅዳሜ ከሰዓትን ብቻ ነው ያገኙት፤ ቤተ መድኃኔ ዓለምንና ቤተ ጊዮርጊስን አይተዋል፣ እሁድ ኪዳን ቆመው ቀጥታ መኪና ተሳፍረዋል። ፊታቸው አቧራ ነበር። ግን ልጁ ደስ ብሎት ነበር፤ አልዋሽም፣ ከኛ ይልቅ ደስ ብሎት ነበር። ሰኞ ባቲ ላይ ሁለቱም ሻይ ቤት ጥላ ስር ተደግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ግመል ሳያዩ ቀሩ።

ነርሷ ባቲ ላይ ጥቁር የሸክላ ጀበና ገዛች፤ ቦርሳ ውስጥ ይሰበራል ብላ አላስገባችውም። ማክሰኞ ጠዋት እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በባጃጅ ጭኗ ላይ ያዘችው። ፍተሻው ላይ ፈታሹ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን አየ። «ቡና አልፈላበትም?» አላት። «ገና ነው» አለችው። አውሮፕላኑ ውስጥም እቅፏ ላይ ነበር፤ አንገቱ አልተሰበረም።